ጉርድ ፎቶ

ድሬ ላይ ዝናብ አልነበረም ያን ለት፤
ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከብ የሞላበት።
የዘነበው ደንገጎ ነው፣ ከላይ።
ደቻቱ፣ አሸዋውን ለብሶ የተኛ መሳይ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሣ፤
የሙሚናን ሱቅ ከነመደርደሪያው አነሣ፤
ሚዛኗን፣ የዱቤ ደብተሯን፣ አንድ እግር ጫማ
እየገፋ ሄደ ወደ ጨለማ።

ሲነጋ ሁላችንም ጣት ነበረን።
ጭቃው ሳይደርቅ፣ ሙሚናን «አይዞሽ» ሳንል፣
«ማዶ ናቸው» አልን።
ማዶ ማለት ከድልድዩ ወዲያ፣
ያ ቆርቆሮ ሰፈር፣ ያ የጋሪ ማቆሚያ።
የኛን ቱቦ የደፈኑት እነሱ፣
ጎርፉን ወደኛ የመለሱ።
ማን አየ? ማንም። ማን ሰማ? ሁሉም ሰው።
«ከማን ሰማህ?» ብዬ አንዱን ብጠይቀው
«ካንተ» አለኝ።

እኔ መጋላ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ።
ሠርግ አነሣለሁ፤ እንጀራዬ ግን ጉርድ ፎቶ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ከደረቱ ስቆርጥ
ኖሬያለሁ፣ እጁ ምን እንደያዘ ሳልገልጥ።

ያን ጠዋት ካሜራ አንግቼ ወረድሁ፤
አሥራ ሁለት አነሣሁ።
ሦስተኛው ላይ ሮብሌ አለ፣ ውሃ ሻጩ፣
እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ፣ አካፋ በእጁ፣
ቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ።
በስተቀኝ፣ ጠርዙ ላይ፣ በደለል ተጠቅልሎ
አንድ የማዳበሪያ ከረጢት፤
ሆዱ ተተርትሮ የሚፈስበት
የወረቀት ቅዳጅ፣ የፎቶ ትርፍ፣
የሰው ትከሻ፣ የሰው ጆሮ፣ የሙሽራ ቬሎ ጫፍ፣
የቤቴ ስም የታተመበት ፖስታ፤
ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣
ሰው ሳያየኝ ደቻቱ ጥግ የምጥለው፣
«የቆሻሻ መኪናው ቀርቶ ነው» እያልሁ፣
«ማዘጋጃ ቤቱ ነው» እያልሁ።

ስልክ ጮኸ። ከጣቢያው ምሕረተአብ ነው።
«ወንድሜ፣ ሥዕል አለህ? ሥዕል ብቻ ነው የጎደለው።
ዜናው ተጽፏል።»

ሁለት ጣት ይበቃል። ጠርዙን ወደ ውስጥ ገፋሁ፤
ከረጢቱ ጠፋ። እኔ ጠፋሁ።
የቀረው ሰው፣ አካፋ፣ የተደፈነ ቱቦ።
አንድም ውሸት አልጨመርሁም፤
ቀነስሁ እንጂ።

ማታ፣ በሮብሌ ዙሪያ ቀይ ክብ ተሠርቶ፣
ሲከፍት የነበረው ሲደፍን ታይቶ፣
ሻይ ቤቱ በሙሉ «አላልናችሁም?» አለ።
እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ
«አላልኋችሁም?» አልሁ።
(ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዤአታለሁ።)

በማግስቱ የጋሪውን ጎማ ሰባበሩት፤
አካፋውን «ማስረጃ ነው» ብለው ወሰዱት።
ሳምንት ሙሉ ውሃ አጣን። ጥፋተኛ ግን አላጣንም፤
«አኩርፎ ነው፣ ተንኮል ነው» ብለን ስንቆጥር
ራሳችንን አልቆጠርንም።

ክብ ደግሞ ይንከባለላል።
ዛሬ አንዱ አንገት ላይ፣ ነገ ሌላው ደጅ ያድራል።
ይህን የማውቀው፣ ማታ ማታ
በሬ ላይ ኮቴ ሲሰማኝ፣ የመብራቱን ማጥፊያ
በጭለማ ስዳብስ ስለማድር ነው።

ጥቅምት ላይ ሙሉውን አተምሁት፣ ሳልቆርጥ።
ድልድዩን ተሻገርሁ፣ ቀትሩ አስፋልት ሲያቀልጥ።
ቆርቆሮው ጥላ ሥር አንዲት ልጅ ጊሽጣ እየበላች
ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቤት ጮኸች፦
«አቦ! አንድ የማዶ ሰው መጥቷል።»

ሮብሌ ወጣ። አልሰደበኝም። ፎቶውን ተቀበለ፤
አካፋውን አየ፣ የራሱን ጀርባ አየ፣ ዝም አለ።
ከዚያ አውራ ጣቱ፣ ቀስ እያለ፣
ወደ ቀኝ ሄዶ ጠርዙ ላይ ቆመ።

«ይሄ ከረጢት ያንተ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ከባድ ነበር» አለኝ።